ዛፍ ላይ መውጣት ለሩጫ ምን ይጠቅማል?

ከሩጫ ጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ሄደን ዛፍ ለዛፍ በገመድ ስንሻገር ዋልን ብዬ ሳወራ፣ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ለሩጫ ይጠቅማል እንዴ?» እኔ እንጃ። ደግሞስ የግድ መጥቀም አለበት?

አሥራ አንድ ነን። አትሌት የሚባል በመካከላችን የለም። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ሁለት ነርሶች አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛም አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሽሮ ሜዳ ተገናኝተን ወደ ላይ እንሮጣለን። እንጦጦ ከባህር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባልን ኦክስጅን በባህር ጠለል ከፍታ ላይ ካለ ሰው በሲሶ ገደማ ያንሳል። አትሌቶቻችን እዚያ የሚሮጡት ቀይ የደም ሴላቸው እንዲበዛ ነው። እኛ ቦርጭ እንዲቀንስልን።

እንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በባህር ዛፎቹ መሃል ስንሮጥ ቀና ብለን አይተን አናውቅም። ዓይናችን መሬት ላይ ነው፣ ወይ ሰዓታችን ላይ። አንዷ ነርስ ናት «አንድ ቀን እንኳን ሳንሮጥ እንዋል፣ ፈታ እንበል» ብላ የጎተተችን።

መጀመሪያ ቀበቶውን ያስታጥቁሃል። በወገብና በሁለቱ ጭኖች ዙሪያ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ዝንጀሮ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ያለችው ለካ ለዚህ ነው። ከቀበቶው ሁለት መንጠቆ ይንጠለጠላል። ሕጉ አንድ ነው፦ አንዱ ሽቦው ላይ ሳይቆለፍ ሌላውን አትፈታም። ይኼን ስትሰማ ቀላል ይመስልሃል። ከላይ ሆነህ፣ ነፋስ ዛፉን ሲወዘውዘው፣ እጅህ በላብ ሲያሟልጭህ ግን የትኛውን ቆልፈህ የትኛውን እንደፈታህ ሦስት ጊዜ ታረጋግጣለህ።

የመጀመሪያው ድልድይ በገመድ የተንጠለጠሉ ጣውላዎች ናቸው። አንዱን ስረግጠው ወደፊት ሸሸ፣ የኋላው እግሬ ወደ ኋላ ቀረ፣ እኔ መሃል ላይ ተሰነጠቅኩ። ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ። ታች የቆመው ልጅ «አይዞሽ ማዘር!» አለኝ። ማዘር! ከከፍታው ይልቅ እሱ ነው የጎዳኝ።

ሯጭ እዚያ ላይ የሚሠራው ስህተት ግልጽ ነው። ቶሎ ልጨርሰው ይላል። እግራችን ወደፊት መሄድ ብቻ ነው የለመደው፤ ወደ ጎን ሲወዛወዝ የሚይዙት የዳሌና የቁርጭምጭሚት ጡንቻዎች ብዙም አልሠሩም። እና ስንፈራ ሁሉን ነገር በእጃችን እንይዛለን። ገመዱን ጨምቀህ ከያዝከው የክንድህ ጡንቻ ደም እንደልብ አይደርሰውም፣ ይግላል፣ ከዚያ ጣት መታዘዙን ያቆማል። ሦስተኛው ዛፍ ላይ ስደርስ የውሃ ጠርሙስ መክፈት አቅቶኝ ነበር።

ከመካከላችን ፈጣኑ፣ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ጥሎን የሚጠፋው የባንክ ሠራተኛ፣ መረቡ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። አንገቱን ማዞር እንኳን አልቻለም። ከኋላው ወረፋ ያዝን። ጋሼ ደግሞ ቀስ እያሉ፣ እጃቸውን ላላ አድርገው፣ መዝናኛ ላይ ያለ ሰው ሳይሆን ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው መስለው አለፉ። «ከብት ጠባቂ እያለሁ ከዛፍ ላይ ወርጄ አላውቅም» አሉን በኋላ። ይኼን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሮጥ ይኼን አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅናቸውም፤ በየቅዳሜው የምንጠይቃቸው ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ነው።

እና ወደ ጥያቄው ልመለስ። ለምንድን ነው ትልቅ ሰው ሲጫወት ማስረጃ የሚጠየቀው? ስፖርት ከሠራህ «ለስኳሩ ነው፣ ለደም ግፊቱ ነው» ትላለህ፣ ሰው ይረዳሃል። ተጫወትኩ ካልክ ግን ያዩሃል። ከውጭ የመጣ ቅብጠት ነው የሚለኝም አለ። አያቶቻችን እኮ ሚስትና ልጅ እያላቸው፣ ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ ነው ገናን የሚውሉት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለሕፃናት አይደለም። ጌታም ገበሬም አብሮ ስለሚጫወት ነው። መቼ ነው እንዲህ የኮራነው?

አንድ የከነከነኝ ነገር ግን አለ፣ አልደብቀውም። በዚያው ተራራ እናቶች ከቁመታቸው የሚረዝም የእንጨት ሸክም በጀርባቸው አዝለው ይወርዳሉ። ከላይ ሆኜ ያንን እያየሁ፣ ከፍዬ ልንጠለጠል መምጣቴ ትንሽ አሳፍሮኛል። ለዚህ መልስ የለኝም። ለሩጫውም ያው ነው፤ እዚያው መንገድ ላይ ነው በየሳምንቱ «እየተለማመድን» የምናልፋቸው።

እሑድ ጠዋት ረጅም ሩጫ ነበረን፣ ከአሥራ አንዳችን አራት መጣን። ክንዴን አንስቼ ፀጉሬን ማሰር አልቻልኩም። የባንኩ ሰውዬ በእንጦጦው ቀን ሰዓቱን ማጥፋት ረስቶ ኖሮ፣ ዛፍ ላይ የዋለበትን ሁሉ እንደ ሩጫ መዝግቦለታል፦ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት። አጥፋው ብንለው እምቢ አለ።