14 ቀን፣ እንደገና 14 ቀን

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ወንጀል ችሎት ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያስበው ልደታን ነው። ካባ የለበሱ ዳኞች፣ የሚከራከሩ ጠበቆች፣ በር ላይ የሚጠብቁ ጋዜጠኞች። ትልልቆቹ መዝገቦች የሚታዩት እዚያ ስለሆነ ቢታሰበንም አይፈረድብንም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አራዳ ምድብ ችሎት ነው። በተለይ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ የእስር ጊዜ የሚጠይቅበት ጉዳይ፣ የሚታይበት ችሎት። የብዙ ድሃ ተጠርጣሪ ዕጣ የሚወሰነው እዚያ ነው። ያውም ክስ ሳይመሠረት፣ አንድም ምስክር ሳይሰማ።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ፖሊስ ሰው ይይዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያስገድደዋል። ያቀርበዋል እንበል። መርማሪው ይነሳና ምርመራዬን አልጨረስኩም ይላል። ምክንያቶቹን ችሎት የተመላለሰ ሰው በቃሉ ይወጣቸዋል። «የምስክሮች ቃል ይቀረናል።» «ግብረ አበሮቹን አልያዝንም።» «የሰነድ ማስረጃ እያሰባሰብን ነው።» «ቢወጣ ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል።» ስለዚህ ተጨማሪ 14 ቀን ይሰጠን። ዳኛው ወደ ተጠርጣሪው ዞር ብለው «የምትለው አለ?» ይሉታል። እሱም «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ምንም አላደረግኩም፤ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ» ይላል። ሌላ ምን ይበል? ቀጠሮ ይሰጣል። የሚቀጥለው መዝገብ ይጠራል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ምንም አላደረግኩም» ለጊዜ ቀጠሮ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በዚያ ቀን የሚወሰነው ሰውዬው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ አይደለም። ለቀረው ምርመራ ሲባል የግድ ታስሮ መቆየት አለበት ወይ የሚለው ነው። ትክክለኛው መልስ ሌላ ዓይነት ነው። ምስክሮቹ ራሳቸው ፖሊሶች ከሆኑ እንዴት አድርጎ ያባብላቸዋል? ሰነዱ ባንክ ውስጥ ከተቀመጠ በየት በኩል ገብቶ ያጠፋዋል? ባለፈው ቀጠሮ የተጠየቀው በዚሁ ምክንያት አልነበረም እንዴ? ታዲያ በመሀል ምን ተሠራ? ይህን መጠየቅ የጠበቃ ሥራ ነው። ጠበቃ ያለው ሰው ስለ ምርመራው ይከራከራል። የሌለው ስለ ልጆቹ ይለምናል።

ሕጉ ራሱ ክፍተት አለበት። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን ዝም ብሏል። 14 ቀን፣ ከዚያ ሌላ 14፣ ከዚያ ሌላ። የሚገርመው ሁላችንም ስናማርረው የኖርነው የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ እንኳ ጣሪያ ነበረው። በየቀጠሮው ቢያንስ 28 ቀን ይፈቅድ ነበር፣ ክፉ ነበር፤ ግን ጠቅላላው ከአራት ወር እንዳያልፍ ይገድብ ነበር። በተራ ስርቆት የተጠረጠረ ሰው በወረቀት ላይ ያን ያህል ገደብ እንኳ የለውም። ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤቱ የሚጨምረው ጊዜ ለምርመራው የግድ አስፈላጊ የሆነውን ያህል ብቻ እንዲሆን ያዛል። ይህን በየመዝገቡ አንስቶ የሚሟገት ሰው ከሌለ ግን ድንጋጌው ከወረቀት አይወርድም።

ፖሊስ ተጠርጣሪዎችን አስሮ ይመረምርበት የነበረው ማዕከላዊ በ2010 ሲዘጋ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ይገባልም። ሕንፃው ተዘጋ፤ ቁጥር 59 ግን እዚያው አለ።

ድሃ ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል የሚል አለ። እውነት ነው፣ ግን መቼ? አንቀጽ 20 አቅም ለሌለው ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆም የሚያዘው ለተከሳሽ ነው፤ ያውም ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደል ሲችል። አንቀጽ 19 ደግሞ ስለተያዙ ሰዎች ይናገራል። ያለመናገር መብት አለ፣ በ48 ሰዓት የመቅረብ መብት አለ፣ ዋስትና አለ። በመንግሥት ወጪ ስለሚቆም ጠበቃ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ተከላካይ ጠበቃው የሚመጣው ዐቃቤ ሕግ ክስ ካቀረበ በኋላ ነው። ሰውዬው ያኔ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል፣ ምናልባትም የሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 35 ጠቅሰው ፍርድ ቤት ወስደው የእምነት ቃሉን አስመዝግበውታል፣ ሥራውን አጥቷል፣ የቤት ኪራዩ ተጠራቅሟል። ጠበቃው የሚረከበው ያለቀ ነገር ነው።

የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደተጀመረ ማስታወስ ደስ ይለኛል። የደርግ ባለሥልጣናት ሊዳኙ ሲሉ ነው። በዘር ማጥፋት ለተከሰሱ ሰዎች አገሪቱ ጠበቃ መድባ አቆመች። ችሎቱ በ1987 ተጀምሮ ዋናው ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው። መጓተቱ ራሱን የቻለ በደል ነበር፤ ተከሳሾቹም ተጎጂዎቹም ሲጠብቁ አርጅተዋል። ግን ለእነዚያ ሰዎች ጠበቃ ያላጣች አገር፣ መርካቶ በስልክ ስርቆት ለተያዘ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ማጣቷ አይዋጥልኝም።

ልጁ አማርኛ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ይህ ከተማ ለቀን ሥራ ከየክልሉ በሚመጡ ወጣቶች የተሞላ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። በዚያ የችኮላ ችሎት ላይ «ገብቶሃል?» ሲባል ራሱን የሚነቀንቅ ሁሉ ገብቶታል ማለት አይደለም።

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ይቆራኙ ነበር። ጉዳዩ እስኪያልቅ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጭካኔ ነበረው፤ ግን አንድ ብልሃትም ነበረው። ከሳሽም ስለሚጨንቀው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ዛሬ የታሰረው አንዱ ወገን ብቻ ነው። መርማሪው ማታ ቤቱ ይገባል። ለመፍጠን ምን ያስገድደዋል?

ዋስትና ተፈቅዶም ነገሩ አያልቅም። የተጠየቀው ብር የቀን ሠራተኛ አቅም የማይደርስበት ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት ፈቅዶ ጣቢያ አልለቅም ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ደጋግሞ ያነሳው ጉዳይ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ አልገባበትም።

ጓደኞቼ ይህን ሳነሳ «የተዘረፈው ሰውስ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሜክሲኮ አደባባይ ስልኩን የተነጠቀ ሰው ስለ አንቀጽ 19 ቢነገረው አይስቅም። ግን ቆም ብለን እናስብ። የተሳሳተ ሰው ሁለት ወር ቢታሰር የተዘረፈው ሰው ምን አገኘ? እውነተኛው ሌባ ሌላ ስልክ እየነጠቀ ነው። ፖሊስም በበኩሉ እውነተኛ ችግር አለበት። ምስክር ይፈራል፣ የሕክምናና የፎረንሲክ ውጤት ይዘገያል፣ አንድ መርማሪ ብዙ መዝገብ ይይዛል። ጊዜ የሚያስፈልግበት ምርመራ እንዳለ አልክድም። እኔ የምለው ጊዜ ይከልከል ሳይሆን የሚጠይቀው ሰው ይጠየቅ ነው።

እንዴት? ለጊዜ ቀጠሮ ችሎት በየጠዋቱ ተረኛ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብ። ጠበቃ ያላቆመ ተጠርጣሪ ሁሉ ከመቅረቡ በፊት ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ያነጋግረው። የሰው እጥረት አለ ይባላል፤ አለ። ግን የ1992ቱ የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። ያ ሰዓት ለሚዲያ ከሚያሳምሩት መዝገቦች ይልቅ እዚህ ቢውል ብዙ ሰው ይደርስበታል። ስድስት ኪሎ ያሉ የሕግ ተማሪዎችም በመምህሮቻቸው ሥር ሆነው ተጠርጣሪዎችን ሊያነጋግሩና መዝገብ ሊያደራጁ ይችላሉ።

ዳኞችም ያለ አዲስ አዋጅ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። ሁለተኛ ቀጠሮ ሲጠየቅ የምርመራ መዝገቡን አስቀርቦ ማየት። በየትኛው ቀን የማን ቃል ተወሰደ? የትኛው ደብዳቤ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ተጻፈ? መልሱ «እየሠራን ነው» ብቻ ከሆነ ዋስትና መፍቀድ። አንዳንድ ዳኞች ይህን ያደርጋሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የአንድ ተጠርጣሪ ነጻነት የትኛው ዳኛ ዛሬ እንደተሰየመ መወሰኑ ደህና አይደለም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። 48 ሰዓቱ ቅዳሜና እሁድን አይዘልም፣ ፍርድ ቤቶች በክረምት ለዕረፍት ሲዘጉም አይቆምም። ጊዜ ቀጠሮ በተረኛ ችሎት ይቀጥላል። ስለዚህ የጠበቆቹ ተራ ሲወጣ እነዚያም ቀናት ይቆጠሩ።