ማስተካከያ፦ ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ነው

ለወደቁ አርበኞች መታሰቢያ በየሰፈሩ የተበተነው ጥሪ «ጎንደር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃ ወጣች» ይላል። ይህ መታረም አለበት። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። ጎንደር ያን ጊዜ ገና በጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጦር እጅ ነበረች፤ ክረምቱንም በጦርነት አሳለፈችው። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ያለው የኩልቋልበር ምሽግ የተሰበረው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ናሲ እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18።

«የቀን ነገር ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ያደርጋል እንጂ! ጥሪው የስም ዝርዝር የሚቀበለው «እስከ ሚያዝያ 27 ለወደቁት» ብሎ ነው። እንዲህ ከሆነ አያቱ ኩልቋልበር ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጎን ተሰልፎ የወደቀበት ቤተሰብ ከድል በኋላ እንደሞተ ሰው ተቆጥሮበት ሊመለስ ነው። ለአገሩ የሞተን ሰው በቀን መቁጠሪያ ስህተት መርሳት ነውር ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የወደቁትን በሙሉ ማካተት አለበት፤ የተመለሱ ቤተሰቦችም ካሉ ይጠሩ። ሚያዝያ 27 የሚከበረው የአርበኞች ድል በዓል እንደተጠበቀ ነው።