ሐረር ላይ ዕቃውም ባለቤቱም አሉ

ለንደን ለምንኖር ሰዎች ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቅርብ ነው። የመቅደላው የወርቅ ዘውድና ጽዋ እዚያ ነው ያሉት፤ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር የወሰዳቸው። መብራቱም ጥበቃውም እንከን አይወጣለትም። እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ያናድደኛል፤ ዕቃው አለ፣ ባለቤቱ የለም።

ዘንድሮ ሐረር፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም አየሁ። ቤቱ ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ነው፤ የእንጨት ሥራው የህንድ እጅ ያለበት ውብ ፎቅ። መሥራቹ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ማንም እስኪያዛቸው አልጠበቁም። የድሮ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥና ልብስ እየለቀሙ መጀመሪያ ለሰው ያሳዩት በገዛ መኖሪያቸው ነበር። ዛሬ የሐረሪው፣ የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የአርጎባውና የአማራው ቅርስ አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። የተጎዱ መጻሕፍትም እዚያው ይጠገናሉ። በጣም ኮራሁ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የሳር ስፌቱ ነው። ሙዚየም ውስጥ ያየሁት ዓይነት ስፌት፣ ጥቂት ጠባብ መንገዶች አልፌ በገባሁበት ቤት ግድግዳውን ሞልቶት አገኘሁት። የሐረሪ ቤት አምስቱ የመቀመጫ መደቦች በቦታቸው አሉ፤ ታላቅ የት እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የቤቱ እናት እያነሱ አሳዩኝ፤ ይሄ የእናታቸው እጅ ነው፣ ያኛውን ለሰርጋቸው ራሳቸው ሰፍተውታል። «ልጆቼ ግን ወስፌ አይዙም፣ ትምህርትና ሥራ ላይ ናቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ ደህና ስፌት ወራት ይፈጃል፣ በዚያ ላይ ገበያው አያበረታታም።

እዚህ ላይ እኛን ከውጭ የምንመጣውን መናገር አለብኝ። ለንደን ለአንድ ቡናና ኬክ የጠየቁንን ሳንከራከር ከፍለን እንወጣለን፤ ሐረር ስንደርስ ግን ስንት ሌሊት ዓይን የፈሰሰበትን ስፌት «ቀንሱ እንጂ እማማ» እያልን በግማሽ ዋጋ ካልወሰድን ደስ አይለንም። ይሄ ያሳፍራል። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ስፌቱ የሚቀጥለው ግን ሰፊዋ በሥራዋ መኖር ስትችል ነው።

ስለዚህ ሐረር የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ማታ ጅብ ሲቀለብ አይታችሁ በማግስቱ ድሬዳዋ አውሮፕላን ላይ አትሮጡ። እደሩ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሙዚየሙን እዩ፣ የጀጎልን ልጅ አስጎብኚ አድርጋችሁ ከሰፊዎቹ ቤት ግቡ፤ ስፌት ስትገዙም የጠየቋችሁን ክፈሉ።