«እድሜ ነው የሚያከሳቸው» ላልከው

ወንድሜ፣ «አባቴ በ5 ወር ከ80 ኪሎ ወደ 71 ወረዱ፤ ግን ቀጭን ስላልሆኑ ችግር የለም፣ እድሜ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። እድሜ ብቻውን በዚህ ፍጥነት አያከሳም። ጥሩ ሐኪም የዛሬውን ኪሎ ብቻ አይመለከትም፤ ከስንት እንደወረደም ይጠይቃል። ሳይፈልጉት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ፣ ሰውዬው ወፍራም ቢሆንም፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ስጋት ነው። የአባትህ ደግሞ 11 በመቶ አልፏል። ሰበቡ ብዙ ነው፦ የማይገጥም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ድባቴ፣ ቲቢ፣ ያልታወቀ ስኳር፣ ካንሰር፣ አንዳንዴም የሚውጡት መድኃኒት ራሱ። ለምሳሌ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቫይታሚን ገዝተህ ነገሩን አታዘግየው (ሁላችንም መጀመሪያ የምንሮጠው ወደዚያ ነው)። ሰሞኑን ሐኪም ይያቸው፤ መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ።