"ወላሂ አላየሁትም"

ሆላንድ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ዩትሬክት ውስጥ በሳይክል እየሄድኩ አንድ አደባባይ ጋ ደረስኩ፣ ትልቅ ተሳቢ ከአደባባዩ እየወጣ ነበር፣ እኔም እንደለመድኩት ፍሬን ይዤ እስኪያልፍ ጠበቅኩ፣ ሰውዬው ግን ቆሟል፣ እጁን ከመሪው አንስቶ እለፍ አለኝ። ከተሻገርኩ በኋላ መንቀሳቀስ አቃተኝ፣ የእህቴ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ከአገር ከመውጣቴ በፊት በነበረው አረፋ ኮምቦልቻ፣ ልጁ ዳቦ ሊገዛ በሳይክል ወጥቶ አደባባዩ ላይ ተሳቢ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጠርዙ ጋር አጣበቀው። አልሃምዱሊላህ ልጁ ተረፈ፣ የኋላው ቸርኬ ግን እጥፍ ብሎ ዳቦው ከነፌስታሉ ጎማው ስር ገባ። ሹፌሩ እየተንቀጠቀጠ ወርዶ "ወላሂ አላየሁትም" ሲል አንገቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

ዛሬ አምነዋለሁ። ልጁ የነበረው በቀኝ ጎኑ፣ ከመስታወቱ ስር ነበር፣ እዛ ያስቀመጠው ደግሞ መንገዱ ነው። እዚህ የሳይክሉ መንገድ ለብቻው ነው፣ ቀይ አስፋልት፣ ከመኪናው መዞሪያ አምስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አደባባዩን ይዞረዋል። መኪናው ታጥፎ ሲጨርስ ሳይክለኛውን በፊት መስታወቱ ያየዋል፣ ቆሞ ቢያሳልፈው ደግሞ አምስቱ ሜትር አንድ መኪና ስለሚይዝ ከኋላው ያለውን አይዘጋም። መኪናው የሚዞረው በአንድ መስመር ብቻ ነው፣ ስለዚህ መክነፍ የለም። ከተማ ውስጥ አብዛኛው ቦታ ቅድሚያው የሳይክሉ ነው፣ መሬቱ ላይም እንደ ጥርስ የተደረደረ ነጭ ሦስት ማዕዘን ቀለም አለ፣ ጥርሱ ወደ አንተ ከዞረ ቅድሚያ ትሰጣለህ።

እነሱ ሲፈጠሩ ጀምሮ ጥንቁቅ ናቸው እንዳትሉኝ! በ1971 እ.ኤ.አ. እዚህ አገር መኪና ከ3,000 በላይ ሰው ገድሏል፣ ከ400 በላዩ ሕፃናት ናቸው፣ ወላጆች ናቸው ጎዳና ወጥተው ልጆቻችን አለቁ፣ መንገዱ ይስተካከል ብለው የጮሁት። እኛ ግን እህቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ዱዓ አደረገ፣ አለቀ፣ አደባባዩን ማን ይጠይቀው? ቦታ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ዳሩ ላይ ባጃጅ በሁለት ረድፍ ነው የሚቆመው፣ ከሚሌ በባቲ የሚመጣው ተሳቢ ደግሞ ቀንም ሌትም አይቋረጥም።

ትናንት እህቴ ደወለች፣ ሳይክሉ ተጠግኖ ልጁ መንዳት ጀምሯል አለችኝ። ስልኩን አቀብይው አልኳት፣ "አደባባዩ ጋ ስትደርስ ወርደህ እየገፋህ ተሻገር እሺ የኔ አባት" አልኩት።