የዳጌር ሳህን ቅጂ የለውም

ስለ ፈረንሳዊው የፎቶግራፍ ፈልሳፊ ሉዊ ዳጌር ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነው ያነበብሁት። ነገር ግን የዳጌር ካሜራ ከአንድ ሳህን ብዙ ፎቶግራፍ ያትም እንደነበር የተጻፈው መታረም አለበት። ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ያደረገው ዘዴ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብዙ ቅጂ የሚታተምበት ተገላቢጦሽ ምስል፣ የለውም፤ ብር የተለበጠው የመዳብ ሳህን ራሱ ፎቶግራፉ ነው። ሳህኑ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለወላል፣ በአዮዲን ትነት ይታጠናል፣ ካሜራው ውስጥ ብርሃን ካገኘ በኋላ የሞቀ ሜርኩሪ ትነት ምስሉን ያወጣዋል። ምስሉ ብሩ ላይ እንደ አቧራ ስስ ሆኖ ያረፈ ስለሆነ በጣት ቢነካ እንኳ ይበላሻል። ሙዚየም ውስጥ ከአንዱ የዳጌር ሳህን ፊት ቆሜ ራሴን ትንሽ ዘንበል ሳደርግ በምስሉ ላይ ያለችው ሴት ፊት ጠቆረ፣ ወዲያው ደግሞ የራሴን ዓይን አየሁበት። ያንን ወረቀት ላይ የታተመ ምስል በፍጹም አይሰጥም!

ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ከመስኮት ያነሳው የፓሪሱ ቡልቫር ዱ ታምፕል ጎዳና ፎቶግራፍም ሳይጠቀስ መታለፉ ቆጭቶኛል። ሳህኑ ለደቂቃዎች ብርሃን ይቀበል ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ሰውና ሠረገላ ሁሉ አልተቀረጸም። በጉልህ የቀረው አንድ እግሩን አንስቶ ጫማውን ሊስትሮ የሚያስጠርግ ሰው ነው፤ ስሙን እስከ ዛሬ ማንም አያውቀውም።