ልጄ አጠገብ ቁጭ ማለት ብቻ ጊዜ መስጠት አይደለም ለካ

ስለ ጥሩ ወላጅ በጻፋችሁት ጽሁፍ ላይ ጥሩ ወላጅ ለልጁ ጊዜ ይሰጣል ያላችሁት እውነት ነው፣ ግን እኔ እኮ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ማታ ከስራ ገብቼ ሶፋ ላይ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ እጄ ላይ ግን ቲክቶክ። አንድ ቀን የስድስት አመት ልጄ ደብተሯን ይዛ መጥታ "አባዬ እይልኝ" አለችኝ፣ እኔም ቀና ሳልል "ጎበዝ!" አልኳት፤ ለካ ደብተሩን ዘቅዝቃ ይዛ እየፈተነችኝ ነው። በጣም ነው ያፈርኩት። አሁን ስገባ ስልኩን መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ሰክቼ ነው የምወጣው፣ እራት እስክንበላ አልነካውም።

የዱላው ነገር ደሞ፣ እዚህ አስተያየት ላይ አንዳንዶቻችሁ "እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው" ትላላችሁ። እኔም በርበሬ ታጥኛለሁ ወገን፣ የተማርኩት መዋሸት ነው፤ ብርጭቆ ስሰብር ስባሪውን ጓሮ ቀብሬ ድመቷ ላይ ነበር የማላክከው። ህገ መንግስቱ እንኳ አንቀጽ 36 ላይ ህጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል፣ ታዲያ አስተማሪ እንዳይነካብን እየፈለግን ቤት ስንገባ ቀበቶ የምንፈታው ምን ሆነን ነው? ያለጥፋቷ ከተቆጣኋት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ እናቴ ግን ስትሰማ "ኧረ ልጅቷን አታበላሻት" ብላ ትስቅብኛለች።